እውነት ወይስ ተረት? «ኤክስኤምኤል ጽሑፍ ነው፤ ቢነበብ ምን ጉዳት አለው?»

«ኦብጀክቱን ወደ ኤክስኤምኤል ቀይሬ አስቀምጣለሁ፤ ስፈልገው ያው ራሱ ይመለስልኛል።» ጃቫ የሚጽፍ ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም። ኤክስስትሪምን የመሰለ ላይብረሪ ለያዘ ሰው እውነትም ይመስላል፤ መሄጃውም መመለሻውም አንዳንድ መስመር ኮድ ነው። የምንሞክረውም ራሳችን በጻፍነው ፋይል ስለሆነ እምቢ ብሎን አያውቅም። ወሬው ሥር የሰደደው በዚሁ ነው።

እስቲ «ያው ራሱ» የሚለውን እንየው። ኮንስትራክተሩ ከዜሮ በታች ቀሪ ሂሳብ የማይቀበል ክላስ አለን እንበል። ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱና 500 ፊት የመቀነስ ምልክት ጨምራችሁ መልሱት። ኦብጀክቱ -500 ይዞ ከች ይላል! ኤክስስትሪም እንዲህ ያለውን ክላስ በተለመደው አሠራሩ ኮንስትራክተሩን ሳይጠራ ስለሚፈጥረው ያ ሁሉ ፍተሻ ታልፏል። ትራንዚየንት የተባሉ ፊልዶችማ መጀመሪያውኑ ፋይሉ ውስጥ አልገቡም።

«ቢሆንም ጽሑፍ እንጂ ኮድ አይደለም» የሚሉ አሉ። በዓይን የሚነበብ ነገር አያስጠረጥርማ። ነገር ግን የትኛው ክላስ እንደሚፈጠር የሚወስነው ያው ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ በሆነው የኤክስስትሪም የደህንነት ቀዳዳ አጥቂው በቅደም ተከተል የሚደረደር ስብስብ በኤክስኤምኤል ይጽፋል። ከአባላቱ አንዱ አስመሳይ ነው፤ ሜቶዱ ሲጠራ ጥሪውን ፕሮግራም ወደሚያስነሳው የጃቫ ክላስ፣ ወደ ፕሮሰስቢልደር፣ ያሻግራል። ለመደርደር ደግሞ ማወዳደር ግድ ነው፤ ለማወዳደር ሜቶድ ይጠራል። የእናንተ ኮድ ኦብጀክቱን ገና ሳይረከብ የአጥቂው ትእዛዝ ሰርቨሩ ላይ ሠርቶ አድሯል። በ2017 የአፓቺ ስትራትስ ሬስት ፕለጊን የተጋለጠውም ከውጭ የመጣውን ኤክስኤምኤል ክላሶቹን ሳያጣራ ለኤክስስትሪም ይሰጥ ስለነበር ነው።

«አዲሱን ቨርዥን ስለጫንኩ አይመለከተኝም» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። ክላሶችን መከልከያና መፍቀጃው በ2014 ከኤክስስትሪም 1.4.7 ጋር መጣ፤ በ2021 የወጣው 1.4.18 ደግሞ ያልተፈቀደን ክላስ ከመነሻው ይከለክላል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፦ ኤክሴፕሽን ያስመረረው ሰው ሁሉንም የሚፈቅድ አንድ መስመር ለጥፎ ይገላገላል። ኮዳችሁ ውስጥ «ኤኒታይፕፐርሚሽን» የሚለውን ፈልጉ፤ ካገኛችሁት አጥፉትና በምትኩ የራሳችሁን ክላሶች በስም ዘርዝሩ።