ምላጭ አንዋዋስ፣ ኪኒን አናቋርጥ



ባለፈው ዕረፍት ወደ ወግዲ፣ ወደ ቤተሰቦቹ ሄዶ የተመለሰ አንድ ወንድማችን ለጤና ዓምዳችን ጥያቄ ይዞ መጣ። አንዲት ዘመዱ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት እንደምትወስድ በምስጢር ነግራዋለች። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን አታዛንፍም። ረመዷን ሲገባ ግን ታቆመዋለች፤ ዒድ ሲያልፍ እንደገና ትጀምራለች። ኪኒንና ጾም አብረው አይሄዱም የሚል እምነት አላት። ወንድማችን "ልክ ናት ወይ? ካልሆነችስ ምን ብዬ ልንገራት?" ሲል ጠየቀን። ማን እንደሆነች አልጠየቅነውም፤ እሱም አልነገረንም። ጥያቄው የእሷ ብቻ አይመስለንምና መልሱን ለሁላችንም በዚህ እትም ልናካፍል ወደድን።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ሐኪሟ ጤናዋን አይቶ ከፈቀደላት ትጹም፤ ኪኒኗን ግን አታቁም። ረጅሙን መልስ ከዚህ በታች እናያለን።

ለምን አይቋረጥም?

ኤች.አይ.ቪ. የሰውነታችን የመከላከያ አዝማች የሆኑትን ሲዲ ፎር የተባሉ ሕዋሳት ያጠቃል። መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይባዛ ያግደዋል እንጂ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የተኛውን አያጠፋውም። መድኃኒቱ ሲቆም የተደበቀው ይነቃል፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በደም ውስጥ መልሶ ይሞላል። አንድ ወር ለዚህ በቂ ጊዜ ነው። በዚህ ላይ እየቆመ እየተጀመረ የሚወሰድ መድኃኒት ቫይረሱን ያለማምደዋል፤ ከተለማመደ በኋላ ያው ኪኒን ላይሠራ ይችላል።

"ትንሽ ቢያርፉስ?" የሚለውን ጥያቄ ተመራማሪዎችም ጠይቀውታል። ስማርት በተባለው ጥናት በ33 አገሮች የሚገኙ 5,472 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ሳያቋርጡ ወሰዱ፤ ግማሾቹ ሲዲ ፎራቸው ከፍ ሲል እያቆሙ፣ ሲወርድ እየጀመሩ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ጥናቱ ሳያልቅ ይህ አካሄድ እንዲቆም ተደረገ። ምክንያቱም ያቋረጡት ሰዎች በከባድ ተጓዳኝ በሽታ የመያዝ ወይም የመሞት አደጋቸው ካላቋረጡት ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። እርግጥ የእነዚያ ሰዎች ዕረፍት በአብዛኛው ከአንድ ወር የረዘመ ነበር። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ ይህ መድኃኒት ዕረፍት አይወድም።

የምርምሩ ታሪክ የሩቅ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የኢትዮ–ኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የአቃቂና የወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትሏል። ጤነኛ ኢትዮጵያውያን የሲዲ ፎር ቁጥራቸው ከአውሮፓውያኑ ዝቅ ያለ መሆኑን ካሳዩት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። እነዚያ ሠራተኞች ደማቸውን እየሰጡ የተመላለሱት መድኃኒቱ በነፃ ባልነበረበት ዘመን ነው። በአገራችን የፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው።

ረመዷንና የኪኒን ሰዓት

ዛሬ በአገራችን አብዛኛው አዋቂ ታካሚ የሚወስደው ዶሉቴግራቪር ያለበትን ኪኒን ነው። ሦስት መድኃኒት በአንድ ፍሬ ተጠቃሎ በቀን አንድ ጊዜ ይዋጣል፤ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል። እንግዲህ ከመግሪብ እስከ ፈጅር ያለው ሰዓት ለአንዲት ፍሬ ኪኒን ይበቃታል። ጠዋት ይወስድ የነበረ ሰው ረመዷን ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን አማክሮ ሰዓቱን ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሑር ያዞራል፤ ከዚያም ወሩን ሙሉ በዚያው ሰዓት ይጸናል። የብረት ወይም የካልሲየም እንክብል አለዚያም የጨጓራ መድኃኒት አብሮ የሚወስድ ለሐኪሙ ይንገር፤ እነዚህ የዶሉቴግራቪርን ሥራ ሊያደናቅፉ ይችላሉ።

ሰውነቱ የደከመ፣ ሕክምና ገና የጀመረ፣ ወይም በቀን ሁለቴ የሚወስድ ሰውስ? ዲናችን ለታማሚ የሰጠውን ፈቃድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጾሙን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ አለ፤ ድኖ መጾም ለማይችልም ሌላ መንገድ አለ። ለዚህ ሐኪምና ዓሊም አብረው ይጠየቁ። ጥቁር አዝሙድ፣ ማርና ሩቅያ ቦታቸው የታወቀ ነው፤ ኪኒኑን ግን አይተኩም። ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጣላም።

ኒካሕና ልጅ

ብዙዎቻችን ያልሰማነው ትልቅ ዜና ይህ ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው፣ በዚያው ከጸና፣ ቫይረሱን በግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ፣ በ9 አገሮች 1,763 ጥንዶችን የተከታተለ ጥናት ሕክምናን ቀድሞ መጀመር መተላለፉን በ96 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ከዚያ በኋላ በአውሮፓ የተደረጉት ፓርትነር የተባሉ ጥናቶች መጠኑ ከማይታይ ሰው ወደ አጋሩ የተላለፈ አንድም ቫይረስ አላገኙም።

ስለዚህ ከኒካሕ በፊት መመርመር ትዳር ማፍረሻ ሊሆን አይገባም። ቫይረሱ ያለባት እናት ምንም ሕክምና ካላገኘች ወደ ልጇ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 ከመቶ ነው፤ እናትና ልጅ ተገቢውን ሕክምና ሲያገኙ ከ5 ከመቶ በታች ይወርዳል። ገና ላልተያዘ ሰው የሚሰጥ መከላከያም እየተሻሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በተደረገ ጥናት፣ ሌናካፓቪር የተባለውን መርፌ በየስድስት ወሩ ከወሰዱ ከ2,100 በላይ ወጣት ሴቶች አንዷም በኤች.አይ.ቪ. አልተያዘችም። መርፌው የትዳር ታማኝነትን አይተካም፤ ያለ ጥፋቷ ለአደጋ ለተጋለጠች ሚስት ግን ጋሻ ነው።

ድምፅ የሌለው የጉበት በሽታ

አገር ቤት "የወፍ በሽታ" ሲባል ዓይን ቢጫ የሚያደርገውን እናስባለን፤ የሌሊት ወፍ ያመጣዋል የሚሉም አሉ። ሄፓታይተስ ሲ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዓይንም አያቢጥም፣ ትኩሳትም የለው። ከደም ወደ ደም የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ከተያዙት መካከል ጥቂቶቹ በራሳቸው ሲድኑ፣ ከ10 ሰው 7 ያህሉ ላይ ይሰነብትና ጉበትን ለ20 እና ለ30 ዓመት በዝምታ ይበላል። መጨረሻው የጉበት ጠባሳ ወይም ካንሰር ሊሆን ይችላል።

የሚተላለፈው በተደጋገመ መርፌ፣ ባልተመረመረ ደም፣ በጋራ ምላጭ ነው። እዚህ ላይ ነው እኛን የሚመለከተው። ዋግምት በመንደርም፣ ሂጃማ ተብሎ በከተማም ይደረጋል። ሂጃማን አንነቅፍም፤ ምላጩን ግን እንጠይቅ። ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ ከማሸጊያው ዓይናችን እያየ ካልወጣ አንቀመጥ። ኩባያው ወይም ቀንዱም የሌላ ሰው ደም ነክቶት እንዲሁ ታጥቦ የመጣ ከሆነ እንመለስ። እንጥል ማስቆረጥ፣ ጆሮ መብሳት፣ ግርዛት፣ ጸጉር ቤት ያለ ምላጭ፣ የዶርም ጓደኛ መላጫ፣ ሁሉም በዚሁ ሕግ ይታያሉ። ይህን ስንጠብቅ ኤች.አይ.ቪ.ንና ሄፓታይተስ ቢንም አብረን እንከላከላለን። ለሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለ፤ ለሲ እስካሁን የለም።

በጤና ትምህርት ክፍል ላሉ ወንድሞችና እህቶቻችን ደግሞ ልዩ አደራ አለን። የቢን ክትባት ወደ ሆስፒታል ልምምድ ከመውጣታችሁ በፊት ጨርሱ። መርፌ ከወጋችሁ አትደብቁ፤ ኤች.አይ.ቪ.ን የሚከላከለው ኪኒን የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፣ በፈጠነ ቁጥርም ይሻላል።

ግብፅ ያሳየችው

የሄፓታይተስ ሲ ነገር ተስፋም አለው። ቫይረሱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ ለዚህ ሥራ ሃርቪ አልተር፣ ማይክል ሃውተንና ቻርልስ ራይስ በ2020 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በ2013 መጨረሻ ሶፎስቡቪር የተባለው ኪኒን በአሜሪካ ሲፈቀድ የ12 ሳምንቱ ዋጋ 84,000 ዶላር ነበር። ዛሬ ከሌላ ኪኒን ጋር ተጣምሮ ለ12 ሳምንት ያህል ሲወሰድ ከመቶ 95 ያህሉን ፈጽሞ ይፈውሳል። እንደ ኤች.አይ.ቪ. ዕድሜ ልክ አይወሰድም።

ግብፅ በዓለም ላይ በዚህ በሽታ እጅግ ከተጎዱት አገሮች አንዷ ነበረች። መነሻው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ የቢልሃርዚያ መድኃኒት በተደጋገመ መርፌ ለሕዝቡ መሰጠቱ ነው። መርፌ ያመጣውን መከራ ግን መርምረውና አክመው መለሱት። ኪኒኑን በአገር ውስጥ እያመረቱ ዋጋውን ከ100 ዶላር በታች አወረዱ፤ በ2018 እና 2019 በሰባት ወር ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎችን መረመሩ፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው አከሙ። በጥቅምት 2023 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ለማጥፋት በሚደረገው ጉዞ የወርቅ ደረጃ ሰጣት። የመጀመሪያው እርምጃቸው ሰው ሳይታመም እንዲመረመር ማድረግ ነበር።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ወደ ወግዲዋ እህታችን እንመለስ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከወግዲ መካነ ሰላም፣ ከዚያም ደሴ ድረስ የሚያስኬድ ጉዳይ ለደከመ ሰው ቀላል አይደለም። በ2014ቱ ጦርነት ደሴ ያለው ሆስፒታል ሲዘረፍ መድኃኒት የተቋረጠባቸውንም አንረሳም። ለዚህ የሚረዳ አሠራር አለ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሕክምናው ለተስማማቸው ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት ጀምራለች። "ለእኔስ ይሆናል ወይ?" ብሎ የሕክምና ባለሙያን መጠየቅ ነው። መንገድ ሊዘጋ ይችላል ብሎ ኪኒኑ ሳያልቅ ቀድሞ መውሰድም ብልህነት ነው።

ከመንገዱ የሚከብደው ግን ሐሜቱ ነው። ሰው ኪኒኑን ከጓዳ የሚደብቀው እኛን ፈርቶ ነው። በዶርም ውስጥ የጓደኛችንን ኪኒን ብናይ "የምንድን ነው?" አንበል። ምስጢር የነገረን ሰው አማና ሰጥቶናል፤ ለወዳጅም፣ ለዱዓ እንኳ ብለን ስሙን አናውጣ። በኢፍጣር ሰዓት ወጣ ብሎ የሚመለሰውን በዓይናችን አንከተል። ሕክምና ለመሄድ የፈራውን አብረን እንሂድ። ራሳችንም እንመርመር።

ለወንድማችንም ያልነው ይህንኑ ነው። ረመዷን ሳይገባ ደውልላት፤ አትቆጣት፤ የኪኒኗን ሰዓት ከአዛን በኋላ እንድታደርገው፣ በቀጠሮዋም ሐኪሟን እንድታማክር ንገራት። ዘንድሮ ጾሟም ኪኒኗም ሳይጓደሉ ለዒድ ትድረስ፤ አላህ ያግራላት። አሚን።