የቮልስ ዳሽቦርድ መብራት እንዴት ይሠራል?

መሽቷል። አሮጌዋን ቮልስ አስነሥተው የመብራቱን ማብሪያ ሲስቡ የፊት መብራቱ ይበራል፤ የፍጥነት መቁጠሪያው ግን ጨለማ ነው። ዳሽቦርዱን በመዳፍዎ ቸብ ሲያደርጉት ብልጭ ይልና መልሶ ይጠፋል። በሽታው በዚህ ይታወቃል፤ የተቃጠለ አምፖል ቢመቱት አይነሣም።

ወደ አምፖሉ የሚመጣው ሽቦ አንድ ነው። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነሥቶ በማብሪያው አልፎ ይደርሳል። መመለሻውስ? መካኒኮች «ማሳ» የሚሉት የመኪናዋ ብረት ራሱ ነው። የባትሪው ኔጋቲቭ ከቦዲው ጋር ስለታሰረ፣ የአምፖሉ መያዣ ብረት እስከነካ ድረስ ዙሩ ይሟላል። ዓመታት ሲያልፉ ግን መያዣው ይላላል፤ በመሐል ዝገት ይገባል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ የባትሪውን ገመድ ይፍቱ፤ መያዣውን ነቅለው ብረት ከብረት የሚነካካበትን ቦታ እስኪያብለጨልጭ በብርጭቆ ወረቀት ይሹት።

ቀይዋ የዲናሞ መብራት ጠባይዋ ሌላ ነው። አንዱ ጫፏ ከቁልፉ፣ ሌላው ከዲናሞው ጋር ተያይዟል። ሞተሩ ሳይነሣ ኤሌክትሪኩ በዲናሞው በኩል ወደ ማሳ ስለሚያልፍ ትበራለች። ሞተሩ ሲነሣ ዲናሞው በበኩሉ ይገፋል፤ በር ከሁለት ወገን እኩል ሲገፋ እንደማይንቀሳቀስ ሁሉ ፍሰቱ ይቆምና ትጠፋለች።

ፊውዙስ? የቮልስ ፊውዝ ሁለት ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ በጎኑ ቀጭን የብረት ቅጠል የተዘረጋበት ትንሽ ዘንግ ነው፤ ነጩ 8፣ ቀዩ 16 አምፔር ይችላል። ባለ 2 ዋት የዳሽቦርድ አምፖል በ12 ቮልት የሚወስደው 0.17 አምፔር ገደማ ነው። ነጩን ፊውዝ እስከ አቅሙ ለመሙላት እንዲህ ያለ 48 አምፖል በአንዴ መብራት ነበረበት። ስለዚህ ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ አምፖሉን አይጠርጥሩ፤ የሆነ ቦታ ሽፋኑ የተላጠ ሽቦ ቦዲውን ነክቷል። ያኔ በመንገዱ የሚገታው አምፖል ስለሌለ ኤሌክትሪኩ እንደ ጎርፍ ይሮጣል፤ ፊውዙም ሽቦው ሳይቃጠል ቀድሞ ቀልጦ መንገዱን ይቆርጣል።

እባክዎ ያንን ፊውዝ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልለው አይመልሱት። ከዚያ ወዲያ የሚቀልጠው ሽቦው ነው፤ በቮልስ ደግሞ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ጎረቤት የቤንዚን ታንከሩ ነው።