ያውቁ ኖሯል? የማደንዘዣው ዓይነት በቀዶ ሕክምና የሚፈሰውን ደም ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል
መስከረም 11 ቀን 2006 ዓ.ም. በናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ፣ በዌስትጌት የገበያ ማዕከል ላይ በደረሰው ጥቃት 67 ሰዎች ሲገደሉ ብዙ ቁስለኞች በአቅራቢያው ወዳለው ኤም ፒ ሻህ ሆስፒታል ተወስደዋል፤ የከተማዋ ነዋሪም ደም ለመለገስ ተሰልፏል።

እንዲህ ባለ አደጋ ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልገው የማደንዘዣው ምርጫ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። በጀርባ የሚወጋው ማደንዘዣ የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ የደም ግፊትንም ያወርዳል። ታቅዶ በሚደረግ የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ ይህ ጠባዩ ይጠቅማል፤ የሚፈሰው ደም ይቀንሳልና። ደሙ ተሟጦ ለደረሰ ቁስለኛ ግን ያው መርፌ ልብን እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ኬታሚንን ይመርጣሉ፤ ግፊቱ እንዳይወድቅ ይደግፋልና። በቀዶ ሕክምና ለምትወልድ እናትም ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ እንደ ሴቮፍሉሬን ያሉ በትንፋሽ የሚሰጡ ማደንዘዣዎች መጠናቸው ሲበዛ ማሕፀንን ያላላሉ፤ ደሙም ይበረታል።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድመው ይንገሩ። መድኃኒቱን በሚወስድ ሰው ላይ የጀርባው መርፌ በአከርካሪ ነርቮች አጠገብ ደም እንዲቋጥር ሊያደርግ ይችላል።