የቀረው ድምፅ የት ገባ?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በአርባ ምንጭ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ሰሞኑን በክፍሌ 45 ተማሪዎች አለቃቸውን ሲመርጡ፣ ከሦስቱ ዕጩዎች 18 ድምፅ ያገኘው አለቃ ሆነ። አንዲት ተማሪ ተነሥታ «መምህር፣ የእኛ የ27ታችን ድምፅ የት ገባ?» ብትለኝ መልስ አጣሁ።

የምክር ቤታችንም ምርጫ እንደዚሁ ነው። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54፣ በየምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘው እንዲመረጥ ይደነግጋል። በዚሁ ደንብ በ1997 ዓ.ም. ተቃዋሚው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 መቀመጫዎች ጠቅልሎ ወሰደ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫዎች ያዙ። በሁለቱም ጊዜ ሌላውን የመረጠ ዜጋ ድምፁ ባክኖ ቀረ።

በተመጣጣኝ ውክልና ግን ፓርቲ መቀመጫ የሚያገኘው በድምፁ ልክ ነው። በ2010 ዓ.ም. ፓርቲዎች ተደራድረው ሁለቱን ያቀላቀለ ሥርዓት እንዲኖር ተስማምተው ነበር፤ ዳሩ ግን የ2013ቱ ምርጫ በቀድሞው ደንብ ተካሄደ። እርግጥ መቀመጫው ሁሉ በፓርቲ ዝርዝር ቢታደል ሕዝቡ «የአካባቢዬ ወኪል» የሚለውን ሰው ያጣል፤ ስለዚህ ቅይጡ የሚሻል ይመስለኛል።

አሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የጋሞ አባቶች በዱቡሻ ሲቀመጡ ነገሩን የሚቋጩት እጅ ቆጥረው ሳይሆን ተነጋግረው ነው፤ የጥቂቱም ቃል መሬት አይወድቅም።

በየመሥሪያ ቤቱና በየዕድሩ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ጉዳዩን አንሥታችሁ ተወያዩበት፤ ወኪሎቻችሁንም ጠይቁ። እኔም ለተማሪዬ የምሰጠው መልስ ይኖረኛል።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ መምህር፣ ከአርባ ምንጭ