በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ለምን በውሃ ይታጠባል?

ጠመንጃ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ውሃ ሲነካው ይዝጋል። ታዲያ ባሩድና እርሳስ በአፈሙዙ የሚጎርሰውን የጥንት ጠመንጃ የያዘ ሰው ተኩሶ ሲጨርስ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ሙቅ ውሃ በአፈሙዙ ያፈስበታል! ስህተት ይመስላል አይደል? ነገሩ ግን ትክክለኛ ኬሚስትሪ ነው። እስቲ ይህ ዓይነቱ መሣሪያ ታሪክ ወደሠራበት አገር፣ ወደ ወገል ጤና እንሂድ።

ወገል ጤና የደላንታ ከተማ ናት። ከደላንታ አምባ ወደ ደቡብ ገደሉን ወርዳችሁ የበሽሎን ወንዝ ስትሻገሩ መቅደላን ታገኛላችሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ያስገቡት በዚሁ በደላንታ በኩል፣ ገደሉን እየጠረጉ መንገድ አውጥተው ነው። ብዙም ሳይቆይ የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር በዚያው መንገድ መጣ። ሴባስቶፖልም ሆነ አብዛኛው የቴዎድሮስ ሠራዊት ጠመንጃ የሚጎርሰው በአፈሙዙ ነበር።

እንዴት ይተኮሳል?

ተኳሹ ጠመንጃውን ያቆምና የተለካ ባሩድ በአፈሙዙ ይጨምራል። ቀጥሎ የእርሳስ አረሩን፣ ብዙ ጊዜ ሞራ በተቀባ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በረጅም ዘንግ እስከ ታች ይገፋዋል። አረሩ ባሩዱ ላይ በደንብ መቀመጥ አለበት። መሃል ላይ ባዶ ቦታ ከቀረ ግፊቱ እኩል ስለማይሆን ቱቦው ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል።

የቀረው ማቀጣጠል ነው። በጥንቱ ዓይነት ቀስ ብሎ የሚጤስ ክር፣ በኋለኛው ደግሞ ሲመታ እሳት የሚተፋ ትንሽ የመዳብ ቆብ ይሠራ ነበር። እሳቱ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ባሩዱን ያነዳል፤ የጋለው ጋዝ አረሩን ይዞት ይወጣል። ይህን ሁሉ ሥራ የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ ሁለቴ፣ ቢበዛ ሦስቴ ይደግመዋል።

የሚቀረው ጨው

ጥቁር ባሩድ ከሦስት ነገሮች የተሠራ ነው፦ 75 በመቶ ያህሉ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 በመቶው ከሰል፣ 10 በመቶው ድኝ። ሲነድ ሁሉም ጋዝ የሚሆን ይመስላችኋል? አይሆንም። በክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ ጠጣር ነገር ይለወጣል። ከፊሉ ያ ወፍራም ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ የቀረው ቱቦው ውስጥ ይለጠፋል።

ከዚህ ዝቃጭ አብዛኛው ጨው ነው። አንዱ ፖታሲየም ካርቦኔት ይባላል፤ በእንጨት አመድ ውስጥም የሚገኝ ነው። ክረምት ላይ ክፍት የተተወ ጨው እንዴት እንደሚረጥብ አይታችሁ ይሆናል። ይህኛው ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ከአየሩ እርጥበት ስቦ ብረቱ ላይ ጨዋማ እርጥበት ያለብሰዋል። ጨዋማ እርጥበት ዝገትን ያፈጥናል፤ ስለዚህ ሳይታጠብ ያደረ ጠመንጃ ጠዋት ዝጎ ሊገኝ ይችላል።

ዘይት መቀባትስ አይበቃም? አይበቃም። ቤታችሁ ሞክሩት፦ አንድ ማንኪያ ጨው ውሃ ውስጥ፣ አንድ ማንኪያ ዘይት ውስጥ ጨምራችሁ አማስሉ። ውሃው ውስጥ ያለው ይሟሟል፤ ዘይቱ ውስጥ ያለው ከታች ይዘቅጣል። ጨዉ ላይ ዘይት መቀባት ጠላትን ቤት አስገብቶ በር መዝጋት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ በውሃ ማጠብ፣ ቀጥሎ በጨርቅ ማድረቅ፣ መጨረሻ ላይ ዘይት መቀባት። ውሃው ሙቅ የሚሆነው ብረቱን አሙቆ የቀረችውን እርጥበት ቶሎ እንዲያተንናት ነው። ደጋ ላይ፣ 3,000 ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ለዚህ ሥራ ግን ከበቂ በላይ ነው።

እሮጌ ላይ ምን ተለየ?

ዝቃጩ ብረቱን ማዛጉ ብቻ አይደለም፤ ቱቦውንም ያጠበዋል። ተኩሱ በተደጋገመ ቁጥር አዲሱን አረር ከአፈሙዝ እስከ ታች መግፋት እየከበደ ይሄዳል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ ሁለቱ ጦሮች መቅደላ አጠገብ እሮጌ ላይ ተጋጠሙ። ከእንግሊዞቹ እጅ ስናድር ነበር። ስናድርም የሚጠቀመው ያንኑ ጥቁር ባሩድ ነው፤ ያው ጨው ይቀርበታል፤ እሱም መታጠብ ይፈልጋል። ልዩነቱ የሚጎርሰው ከኋላ መሆኑ ነው። ባሩዱ፣ እርሳሱና ማቀጣጠያው በአንድ ቀለህ ተጠቃለው ይገባሉ፤ አረር በዘንግ መግፋት የለም፤ ወታደሩ ተኝቶም ማጉረስ ይችላል። በደቂቃ እስከ አሥር ጊዜ ይተኩሳል።

ከቴዎድሮስ ሠራዊት 700 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ ከእንግሊዝ ወገን በቁስል የሞቱት ሁለት ናቸው። ለዚህ ሮኬቱና መድፉም ድርሻ አላቸው። ጠመንጃውን ብቻ ብንወስድ ግን ልዩነቱን የፈጠረው የባሩዱ ኃይል ሳይሆን የመጉረሻው በር ያለበት ቦታ ነው። እኔን እንደ ምህንድስና ተማሪ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

የድሮ ጠመንጃ ብታገኙ

እንዲህ ያለ ጠመንጃ ከአያት ቤት ግድግዳ ላይ ወይም ከጎተራ ጥግ ልታገኙ ትችላላችሁ። «መቶ ዓመት አልፎታል፣ ምን ያደርጋል?» አትበሉ። ጥቁር ባሩድ ደረቅ ሆኖ ከቆየ በዕድሜ ብቻ አይሞትም። ጉርሻው ደግሞ ቱቦው ሥር ስለሚቀመጥ ከውጭ አይታይም።

ባለሙያ ሲፈትሽ ዘንግ ወደ ውስጥ ያስገባና የገባውን ርዝመት ከቱቦው የውጭ ርዝመት ጋር ያስተያያል። ዘንጉ ቀድሞ ከቆመ ታች የተቀመጠ ነገር አለ ማለት ነው። ይህ ግን የባለሙያ ሥራ ነው። እናንተ በአፈሙዙ ወደ ውስጥ አትመልከቱ፣ ምላጩን አትንኩ፣ ወደ እሳት አታስጠጉት። ባለበት ተዉትና ለትልቅ ሰው ንገሩ፤ እነሱ ደግሞ ለፖሊስ ያሳውቁ።