ሣቁ በማን ላይ ያርፋል? የዱር እንስሳት ኮሜዲ ከ«ፋቡላ» መድረክ እስከ አዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች

መግቢያ

የዱር እንስሳት የሚታዩባቸው አስቂኝ ፊልሞች በዓለም ሲኒማ ውስጥ የቆየ ታሪክ አላቸው። በኢትዮጵያ የአውሬ ኮሜዲ ጎልቶ የታየው ግን በፊልም ሳይሆን በመድረክ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን በአንድ ጥያቄ ያነጻጽራል፦ አውሬ ተመልካችን ሲያስቅ ሣቁ የሚያርፈው በማን ላይ ነው? ጥያቄው የጥበብ ሂስ ብቻ አይደለም። እንደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከተማና ዱር በሚዋሰኑበት ስፍራ፣ ሰው ስለ ጅብ ወይም ስለ ድኩላ ያለው አመለካከት ለእንስሳው በሚሰጠው ቦታ ላይ ያንጸባርቃል።

ጭምብል የሆነው አውሬ

የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። ደራሲው በሩሲያ የተማሩትና ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ተውኔቱ ከላ ፎንቴን ተረቶች መነሻ ወስዶ በአውሬዎች አንደበት የዘመኑን አስተዳደር ይተቻል። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት (1909–1922 ዓ.ም.) በአዲስ አበባ፣ በቴራስ ሆቴል ለመድረክ በቅቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ታገደ።

የጭምብሉን አሠራር ከሁሉ በላይ የሚገልጠው ይኸው እገዳ ነው። ስለ አውሬ ብቻ የሚናገር ተውኔት የሚያስቀይመው ሹም ባልኖረ ነበር። በመድረኩ ላይ የታየው አውሬ ቢሆንም የተሣቀበት ሰው ነው። በምሳሌያዊ አነጋገራችንም ይኸው ይታያል። «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ሲባል፣ የሚተቸው የማይገባውን ክብር የሚጠይቅ ሰው እንጂ የጅብ ጠባይ አይደለም። በዘመናችንም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቴሌቪዥን የቀረበው «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የልጆች ዝግጅት መሪ ገጸ ባሕርይ የቀጭኔ አሻንጉሊት ናት። የምትጠይቀውና የምትማረው ግን እንደ ሰው ልጅ ነው። ዓላማው ከነቀፌታ ወደ ትምህርት ቢለወጥም ስልቱ አልተለወጠም።

በካሜራ ፊት የቆመው አውሬ

ፊልም የተለየ ችግር ያመጣል። ካሜራ የሚቀርጸው ጭምብል የለበሰ ተዋናይን ሳይሆን ራሱን እንስሳውን ነው፤ እንስሳው ደግሞ መተወኑን አያውቅም። ቀልዱን የሚፈጥሩት የምስል ቅንብር፣ ሙዚቃና የተራኪ ድምፅ ናቸው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የደቡብ አፍሪካዊው ዳይሬክተር ጄሚ ዩይስ እ.ኤ.አ. በ1974 የሠራው «አኒማልስ አር ቢዩቲፉል ፒፕል» ነው። በፊልሙ ዝነኛ ክፍል ዝሆኖች፣ ሰጎኖችና ዝንጀሮዎች የማሩላ ፍሬ በልተው ሰክረው ሲንገዳገዱ ይታያሉ። ተመልካች ይሥቃል፤ ሥቆም ያምናል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የሥነ ፍጥረት ጥናት ግን የዝሆንን ክብደትና በፍሬው ውስጥ ሊኖር የሚችለውን የአልኮል መጠን አስልቶ፣ ዝሆን በተለመደው አመጋገቡ ይሰክራል ማለት አስቸጋሪ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የዘረ መል ጥናት ደግሞ የዝሆን ሰውነት አልኮልን የማስወገድ አቅሙ ዝቅተኛ ሊሆን እንደሚችል ጠቁሞ ክርክሩን እንደገና ከፈተው። ተመራማሪዎች ገና የሚከራከሩበትን ጉዳይ ፊልሙ በጥቂት ደቂቃዎች ደምድሞት ነበር። እዚህ ላይ ሣቁ የሚያርፈው በሹም ላይ ሳይሆን በእንስሳው ላይ ነው፤ ከሣቁም ጋር ያልተረጋገጠ እውቀት አብሮ ይተላለፋል።

በከተሞቹ ዳርቻ

አዲስ አበባን ከሚያዋስኑትና በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉት ከተሞች መካከል ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለእንዲህ ዓይነት ፊልም የሚሆን የተፈጥሮ መልክዓ ምድር አላቸው። ከሰበታ በላይ፣ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት፣ አመሠራረቱ በትውፊት ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር የሚያያዘው የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል፤ በውስጡም በዐፄ ምኒልክ ስም የሚጠራው ድኩላና ጉሬዛ ይኖራሉ። በቡራዩ አቅራቢያ የገፈርሳ ግድብ አለ። በሱሉልታ ረግረጋማ ሜዳ ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይታያል።

ጭምብልም ማስመሰልም የማያሻው ኮሜዲ ምን እንደሚመስል በትግራይ የተካሄደ አንድ ጥናት ይጠቁማል። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ምርምር ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ የጅብ ኩስ ሰብስበው በውስጡ የተገኘውን ፀጉር መረመሩ። በጾሙ ወቅት ከልኳንዳና ከየቤቱ የሚጣለው የሥጋ ትራፊ ስለሚቀንስ ጅቦቹ ወደ አህያ አዘነበሉ፤ የአህያ ፀጉር ድርሻም ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ሰው ሲጾም የጅብ ማዕድ ይለወጣል፤ ዕዳውን የሚከፍለው አህያ ነው። እዚህ ያለው አስቂኝነት በተራኪ የተጨመረ አይደለም፤ ከራሱ ከክስተቱ የሚወጣ ነው። ልኳንዳ፣ አህያና ጅብ በሚጎራበቱበት በከተሞቹ ዳርቻም ተመሳሳይ ግንኙነት ሊጠና ይችላል።

መደምደሚያ

ከላይ የቀረቡት ማሳያዎች ሦስት መንገዶችን ይጠቁማሉ። አውሬው ጭምብል ሲሆን ሣቁ በሰው ላይ ያርፋል፤ አውሬው በቅንብር ሲቀለድበት በአውሬው ላይ ያርፋል፤ የሰውና የአውሬ ጉርብትና በትዕግሥት ሲቀረጽ ደግሞ ሁለቱም የሣቁ ተካፋዮች ይሆናሉ። የመጀመሪያው መንገድ የራሳችን ቅርስ ነው፤ ዋጋውም እስከ እገዳ ደርሷል። ሦስተኛው የፊልም ባለሙያና የሥነ ፍጥረት ተመራማሪ አብረው እንዲሠሩ ይጠይቃል። የከተማው ጠርዝ ወደ ደኑና ወደ ረግረጉ በተጠጋ ቁጥር፣ ጅብን ሞኝ ብቻ አድርጎ የሚያሳይ ፊልምና ጅብን ጎረቤት አድርጎ የሚያሳይ ፊልም በነዋሪው አእምሮ የሚተዉት አሻራ አንድ አይሆንም።