በእጅ የተበተነ ዘር አፈር ስለሚለብስበት ሥርዓት

በየወረዳው የሰብል ጉዳት በደረሰ ጊዜ ከገበሬው የሚሰማው ምክንያት ብዙውን ጊዜ የዝናብ ማነስ ወይም የዘሩ ክፋት ነው። አንዳንድ ጊዜም እውነት ይሆናል። ነገር ግን ዘር በተዘራ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ማሳው ድረስ ሄዶ የተመለከተ ሹም፥ ቡቃያው ከታች ዳር ተጨናንቆ ከላይ በኩል መሬቱ ራቁቱን ቀርቶ ቢያይ፥ ወይም አንዱ ቡቃያ ስንዝር ሲሞላ ሌላው ገና ከመሬት ብቅ ሲል ቢያገኝ፥ የጥፋቱን ምንጭ ዘሩ አፈር ከለበሰበት መንገድ መፈለግ ይገባዋል።

የበቀለ ዘር ከብርሃን እስኪደርስ ድረስ የሚመገበው በውስጡ ያለውን ስንቅ ነው። ስንቁ መንገዱን ሳይጨርስ ካለቀበት እዚያው አፈር ውስጥ ይቀራል። አንድ ሺህ የስንዴ ፍሬ ከ30 እስከ 45 ግራም ሲመዝን፥ አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ግን ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ስንዴ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር፥ ማለት ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያህል አፈር ቢለብስ የሚስማማው ሲሆን፥ ጤፍ ከ1 ሳንቲሜትር ሊበልጥበት አይገባም። ባቄላ ስንቁ ብዙ ስለ ሆነ ከስንዴ ጠለቅ ቢል አይጎዳም።

የሀገራችን ማረሻ አፈሩን ሰንጥቆ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋዋል እንጂ አይገለብጠውም። ስንዴ ተበትኖ በላዩ ሲታረስበት ከፊሉ ከፈሩ ሥር 10 ሳንቲሜትርና ከዚያም በላይ ይወርዳል፤ ከፊሉም ከላይ ተሰጥቶ ለወፍና ለጉንዳን ይቀራል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ዘር ያበዛል። የሚያበዛው ዘር ደግሞ ጎተራ በሚጎድልበት በክረምት ወራት ከልጆቹ አፍ የቀነሰው፥ አለዚያም በብድር ያመጣው እኽል ነው። መድኃኒቱ ማሳውን አስቀድሞ ደጋግሞ አርሶ ጓሉን ማድቀቅ፥ ዘር ለማልበስ በሚታረስበት ጊዜም እርፉን ሳይጫኑ ፈሩን እያቀራረቡ ማረስ ነው።

ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው ቁመተ አጭር ስንዴ በዚህ ነገር ከቀድሞው የሀገር ስንዴ ይልቅ ደካማ ነው። ቡቃያውን እንደ ሰገባ ሸፍኖ አፈሩን የሚያስጥሰው ልባሱ አጭር ስለ ሆነ ከጥልቅ ሊያወጣው አይችልም። አባት ለልጁ ያስተማረው የእርፍ አያያዝ ለአዲሱ ዘር የማይበጀው ስለዚህ ነው፤ ምርጥ ዘር የሚያድል ሹምም ይህን አብሮ ሊያስታውቅ ይገባዋል።

የጤፍ ሥርዓት ግን ሌላ ነው። በብዙ ስፍራ ማሳው ከመዘራቱ በፊት በከብት፥ በበግና በፍየል ወይም በአህያ ይረገጣል። ይህም የላዩን አፈር አጥብቆ ስለሚደለድለው ዘሩ በስንጥቅ ውስጥ አይሰጥምም፥ ከእርጥቡም አፈር ጋር ይጣበቃል። በሜዳ ላይ ያለ ማሳ ከዚህ በኋላ ሌላ ማልበስ ሳያሻው ዝናቡ ራሱ ይበቃዋል። ተዳፋት በሆነ መሬት ላይ ግን ጎርፍ ዘሩን ወደ ታች ስለሚወስደው፥ ቅጠሉ ያልረገፈ ቅርንጫፍ አንድ ጊዜ ብቻ በቀስታ ቢጎተትበት ይጠቅማል። በጤፍ ላይ ማረሻ ማስገባት ዘሩን መቅበር ነው።

ውሃ የሚተኛበት መረሬ መሬት ሲሆን ማልበስና ውሃ ማንጣፈፍ አንድ ሥራ ይሆናሉ። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ዘሩን ከበተኑ በኋላ ከነቤተ ሰባቸው አፈሩን በእጅ እየዛቁ ሰፋፊ መደብ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ውሃው በቦዩ ሲወርድ ዘሩ ሳይበሰብስ በመደቡ ላይ ይበቅላል። ድካሙ ብዙ ነው፤ ቢሆንም ያለዚህ በመረሬ ላይ ስንዴ መዝራት ለውሃ መዝራት ነው።

በማረሻ የሚለብስ ዘር በተበተነበት ቀን ሊለብስ ይገባዋል። ያደረ ዘር ወፍ ይለቅመዋል፤ ሌሊት ከባድ ዝናብ ከጣለም ጭቃው በማረሻ ላይ እየተጣበቀ ሥራውን ያስተጓጉላል። ስለዚህ በዘር ሳምንት ገበሬን ለስብሰባ የሚጠራ ሹም፥ ሳያውቀው የሰውየውን ዘር ለወፍ አሳልፎ ይሰጣል። አንድ በሬ ብቻ ያለውም በመቀናጆ ተራው ደርሶ ጥማዱ ከማሳው ሳይቆም ዘሩን እንዳይበትን አስቀድሞ ይነገረው።

ስንዴው ከበቀለ በኋላ ጥልቀቱን ለመመርመር ከማሳው ልዩ ልዩ ስፍራ ጥቂት ቡቃያ ከነሥሩ በእንጨት ጭሮ ማውጣት ነው። ከፍሬው አንሥቶ አረንጓዴው እስከሚጀምርበት ድረስ ነጭ ሆኖ የሚታየው ክፍል ዘሩ የተቀበረበት ልክ ነው። ይህ ልክ ከሦስት ጣት ከበለጠ፥ ገና ላልተዘራው ማሳ እርፉን እንዲያቀል ገበሬው እዚያው ቡቃያውን እያየ ይነገረው።